ፊቱን ወደ ሳሎን ያደረገ ጫማ

በእናቴ አፓርታማ በር ጥግ ከሣር የተሠራ ነጠላ ጫማ አለ። ዛሬ ወለሉን ስወለውል ውኃ ነካውና እንደ እርጥብ ሰሌን ሸተተኝ። ጃፓኖች ዞሪ ይሉታል። ስሙን የነገሩኝ እዚሁ ከአገር ወጥተን በኖርንበት ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ከከተማው ማዶ፣ ኢቶቢኮ፣ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ በዚያ ሁሉ ፎቅ ሰላም የምትባባለው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ቤታቸው ጠሩን። በር ላይ ጫማችንን አውልቀን ገባን፣ ሻይ ጠጣን፣ እኔ አስተረጎምኩ። ለመሄድ ስንነሣ ግን ጫማዎቻችን ወደ መውጫው ዞረው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። የእናቴ ፊት ልውጥ አለ።

ኮሪደሩ ላይ፣ "ሻዩን ሳንጨርስ ጫማችንን አዙረው ጠበቁን እኮ" አለችኝ። "ውጡልኝ ካልሆነ ምንድን ነው?"

ከዚያ ወዲህ ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ ስልኳን መነካካት ጀመረች። አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው እኔን እኔን ያያሉ። እናቴ ስታኮርፍ አያድርስ ነው፤ ግን ከሺፍት መጥታ የምታወራው ሰው አጥታ ስትቀመጥ አንጀቴን በላችኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸውን አንኳኩቼ ጠየቅኋቸው። እንግዳ ሲወጣ ሳይቸገር እንዲጫማ ማዞር በአገራቸው ክብር እንደሆነ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ አፍረው ነበር።

ለእናቴ ስነግራት "ጉድ ሠራሁ" አለች። በማግሥቱ ራሷ ሄዳ ይዛቸው መጣች፤ እሳቸው ሳሎን ሲገቡ ጎንበስ ብላ ዞሪያቸውን ወደ በሩ አዞረችላቸው። ለአምስት ዓመት፣ በመጡ ቁጥር እንዲሁ አደረገች።

ከዚያ ልጃቸው አረጋውያን መኖሪያ ልታስገባቸው ሆነና ሊሰናበቱን መጡ። ያን ቀን እናቴ ጫማውን አላዞረችም። ሊወጡ ሲነሡ ፊቱን ወደ ውስጥ እንዳደረገ አዩት። እኔ ላዞርላቸው ጎንበስ ስል እናቴ "ተዪው" አለችኝ።

አሮጊቷ ጫማውን አዩ፣ እናቴን አዩ። አቅፈዋት በካልሲያቸው ወጥተው ሄዱ።

ዛሬ እንዲደርቅ ብዬ ወደ በሩ አዙሬ ሳስቀምጠው እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለችና ፊቱን ወደ ሳሎን መለሰችው።