ለሽመላዎቹ ዝም ያልንበት መኸር

ልጅ ሳለሁ ማሽላው ማፍራት በጀመረ ቁጥር ጉሮሮዬ ይቆስል ነበር። የሌላ አገር ልጅ በምን እንደሚያድግ አላውቅም፤ ከቦኬ ከተማ ዝቅ ብሎ ባለው በእኛ ሰፈር ግን ልጅ የሚያድገው በመጮህ ነው። ከንጋት ጀምሮ ማማ ላይ ተሰቅለህ ግሪሳ ወፍ ስታባርር ትውላለህ፤ ወንጭፍ ታወነጭፋለህ፣ ጅራፍ ታጮሃለህ፣ ቆርቆሮ ትደበድባለህ፣ ያ ሁሉ ሲያልቅብህ ደግሞ በባዶ አፍህ «ሃይ!» ትላለህ። ያኔ የእኔን «ሃይ» የሰማ ግሪሳ መሰላ ከተማ ሳይደርስ ትንፋሽ አይወስድም ነበር። የአጎቴ ልጆች ድምፄ ጭሮ ድረስ ተሰምቶ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ወጥቷል ይላሉ፤ እኔ ማጋነን ስለማልወድ መሰላ ላይ አቆማለሁ።

ጩኸቱ የሚያበቃው ግሪሳው ወደ ማደሪያው ሲሄድ ነው። ከማማው ስንወርድ የአያቴ ታናሽ ወንድም አካኮ ሙሜ የደረቀ አገዳ አንድደው ይጠብቁናል። አካኮ በእኛ አፍ አያት ማለት ነው። የአገዳ ጭስ እንደ እንጨት ጭስ ዓይን አይቆጠቁጥም፤ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፤ ልብስህ ውስጥ ገብቶ እስከሚቀጥለው ጁምዓ አብሮህ ይከርማል። አካኮ ለጋ የማሽላ እሸት ፍሙ ውስጥ ይከቱና፣ ሲንጣጣ አውጥተው በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው ገለባውን ካበረሩ በኋላ በየእጃችን ይቆነጥሩልናል። አንድ ጎኑ ተሰብሮ ወረቀት የተለጠፈበት ፋኖስ ከማማው ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር መብራቱ ሲወዛወዝ የአካኮ ጥላ ማሽላው ላይ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴም ከሳቸው በፊት ተነስቶ የሚሄድ ይመስላል። ተረቱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የሚናገሩት በኦሮምኛ ነበር። እኔ በአማርኛ ስጽፈው ግማሹ ጣዕም በመንገድ ይፈሳል፤ ምን ላድርግ፣ ትምህርት ቤት የገባሁት ዝናብ ለመጠለል ብቻ ስለሆነ፣ ፊደል የቆጠርኩትም ጭሮ ውስጥ ጫት ስሸከም ሱቅ ደጃፍ ላይ ካሉ ጽሑፎች ነው። እንግዲህ በዚህችው ታገሱኝ።

አካኮ በጣም የሚወዱት የጉማሬና የሽመላ ክርክር ነበር። ጉማሬው «ውሃው የእኔ ነው፣ ስገባበት የሚሞላው፣ ስወጣ የሚጎድለው በእኔ ነው» ይላል። ሽመላዋ ደግሞ ከአገጯ ስር የተንጠለጠሉትን ሁለት ነጭ ጉትቻዎች እንደ ሽማግሌ ጢም እያወዛወዘች «አንተ ትሞላዋለህ፣ እኔ ግን አየዋለሁ፤ ያላየኸው ነገር እንዴት ያንተ ይሆናል?» ትለዋለች። አካኮ ጉማሬውን ሲሆኑ ሆዳቸው ይነፋል፤ ሽመላዋን ሲሆኑ አንገታቸው ይረዝማል። ወላሂ ይረዝማል! በመጨረሻ ሌሊቱ ለጉማሬው፣ ቀኑ ለሽመላዋ ተፈረደ። የፍርዱ ዕለት አንድ ሰው ዳር ቆሞ ይሰማ ነበርና ለሱ ምንም አልደረሰውም፤ ፈገግ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ከዚያስ ሰውየው ምን አደረገ?» እንላለን።

«ገና አላደረገም» ይሉና ፍሙን በአመድ ያለብሱታል።

እኛ በጣም እንናደድ ነበር። ተረት እንዲህ ያልቃል እንዴ? ለመጽናናት ወደታች፣ ከማሽላው በታች ወዳለው ረግረግ እንመለከታለን። ያኔ ጉማሬ ባይኖረንም ሽመላ ግን ነበረን። ጨለማ ሊይዝ ሲል ከደንገሉ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማል፤ አንዷ ትጠራለች፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ያጓራሉ። ዕድሜ ልኬን የጮህኩት እኔ እንኳ እንደነሱ መጮህ ያምረኝ ነበር።

ሰውየው ምን እንዳደረገ ካደግሁ በኋላ አየሁት። ከእኛ በታች ብዙ ርቀት ወርዶ ትልቁ ወንዝ ለመብራት ተገደበ። ጉማሬው የሚግጥበት፣ ወፉ የሚፈለፈልበት ዳርቻ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሰጠመ። የመብራቱ ሽቦ በአናታችን ላይ አለፈ፤ እኛ ቀና ብለን አየነው፣ እሱ ዝቅ ብሎ አላየንም። የእኛን ረግረግ ግን ግድቡ አልነካውም፤ ራሳችን በደቦ ቦይ ቀድደን አጠነፈፍነው፤ ጫት ተከልንበት። ሽመላዎቹም መጥተው፣ ዞረው፣ ጫቱን አይተው ሄዱ። ሽመላ ጫት አይቅምም።

ታዲያ ካቻምና ከጭሮ አንዲት መኪና መጣች። ከውስጧ ሂክማ የምትባል ባለሙያ ወረደች፤ ወጣት ናት፣ በሁለቱም ቋንቋ እንደ ውሃ ትናገራለች። መስጊዱ ፊት ሰበሰበችንና «ታች ግድቡ ያጠፋውን የእንስሳት መኖሪያ፣ እዚህ ረግረጉን መልሰን እናካክሰዋለን» አለች። ቦዩ ይደፈናል፣ ደንገል ይተከላል፣ ጫት ለነበራቸው ሰዎች ሌላ መሬት ይሰጣል።

አካኮ ሙሜ ያኔ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ጆሯቸው ግን የጉንዳን ሠርግ ይሰማል። «ልጄ» አሉ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «የታቹ ጉማሬ እዚህ ድረስ በምን ይመጣል? በባጃጅ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሂክማም ሳቀች። «ጉማሬውስ አይመጣም አባባ። ወፍ ግን ውሃ ካየ ይመጣል። ሽመላም ይመጣል፣ ኢንሻ አላህ።»

አካኮ ሳቃቸውን ዋጡት። «ሽመላ?» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያው ድምፁን ሳልሰማ አልሞትም።»

የሚቀልዱ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመሞት እምቢ አሉ። ሲያስሉ የከረሙትን ሳል ተዉት፣ ሾርባ መጠጣት ጀመሩ፣ በየማታው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እኔን ባዩ ቁጥር፣ ማለቴ በሰሙ ቁጥር፣ «ሙክታር፣ መጡ?» ይሉኛል።

ቦዩ ተደፈነ። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ተኛ። መጀመሪያ እንቁራሪት መጣ፤ ማን እንደጠራው እንጃ፣ ባንድ ሳምንት ውስጥ ሰፈሩን በሙሉ እንቅልፍ ነሳው። ደንገሉ ቀና አለ። ማሽላው መብሰል ሲጀምር ደግሞ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከወደ ቆላው ሁለት ሽመላዎች ክንፋቸውን ዘርግተው መጡ።

እኛስ ምን አደረግን? «ሃይ!»

ከየማማው፣ ከየማሳው፣ ከየአጥሩ ስር፣ ሰፈሩ ባንድ ጉሮሮ «ሃይ!» አለ። ወንጭፉ ጮኸ፣ ጅራፉ ጮኸ፣ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ልማድ ነዋ! ማሽላ ባፈራበት ወር ሰማይ ላይ ክንፍ ካየን አፋችን ራሱ ይከፈታል፣ እኛን አያስፈቅድም። ሽመላዎቹ አንዴ ዞሩና በመጡበት ተመለሱ። በማግስቱም መጡ፣ በማግስቱም አባረርናቸው። አይ የእኛ ነገር! ቦይ ደፍነህ፣ ውሃ አስተኝተህ፣ ደንገል ተክለህ፣ እንግዳህ ሲመጣ በር ላይ ወንጭፍ ይዘህ ትቆማለህ? ጸጉሬን መንጨት አማረኝ፤ የለኝም እንጂ።

ሂክማ ከጭሮ እየበረረች መጣች። ማሳዋ ረግረጉን የሚያዋስነውን ፋጡማን መለመን ጀመረች። ፋጡማ አምስት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ምላሷ ከማጭድ የሰላ ሴት ናት።

«ወፎቹ እስኪለምዱን ድረስ ለጥቂት ቀን ዝም በሉ ነው የምትዪን?» አለች ፋጡማ።

«አዎ እህቴ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ።»

«ግሪሳውስ ለጥቂት ቀን ይጾማል?»

የሚያናድደውም ይሄ ነው፤ አንዷ ብታጠፋ ተሳድበን እንገላገል ነበር። ሂክማ ልክ ናት፣ ፋጡማም ልክ ናት። ግሪሳ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ዝም ካልከው የዓመት ቀለብህን ይዞልህ ይሄዳል።

ያን ማታ አካኮ «መጡ?» ሲሉኝ «መጥተው አባረርናቸው» ልበላቸው? እኔ ለሰው ደስታ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሹልክ ብዬ ወረድኩ፣ ደንገሉ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁና አንገቴን አርዝሜ እንደ ሽመላ ጠራሁ። ወላሂ እውነተኛ ሽመላ ቢሰማኝ ሽማግሌ ይልክብኝ ነበር። አንዴ እንደ ወንዱ፣ አንዴ እንደ ሴቷ። ከዚያ ጨርቄን ጨምቄ ሮጬ ተመለስኩና «አካኮ! ሰሙ?» አልኳቸው።

«ሰማሁ» አሉ። «ሽመላ ሲጠራ እግሩ ቀዝቅዞት አይንቀጠቀጥም። ልብስህን ቀይር፣ ይበርድሃል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ደጃፉ ላይ አልወጡም፣ ሾርባውንም መለሱት፣ ሳሉ ተመለሰ። ከሁሉ የከፋው፣ «መጡ?» ማለታቸውን ተዉ።

ቀልድ ሳይሆን ልመና ይዤ ፋጡማ ጋ ሄድኩ። «ፋጡማ፣ ሽመላ የሚያርፈው ከአስር ሶላት በኋላ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ያቺን ሰዓት ብቻ ዝም እንበል።»

«ያቺን ሰዓት ግሪሳውን ማን ያባርርልኛል? ያንተ ቀልድ?»

«ያለ ድምፅ እናባርረዋለን። በጨርቅ።»

አየችኝ። «አብደሃል» አለች። ዞር ብላ ማሳዋን አየችና «ከንጋት እስከ አስር ማሳዬ ላይ ቆመህ ልጆቼን አሳርፈህ አንተ ትጮሃለህ። ከአስር በኋላ እኔ ዝም እላለሁ። ፋጡማ ዝም ካለች ደግሞ ሰፈሩ ዝም ይላል» አለች። እውነቷን ነው፣ ማን ደፍሮ!

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። ቀኑን ሙሉ ጮህኩ። የአስር ሶላት እንዳለቀ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ማሳ ውስጥ ገብቶ ድምፅ ሳያሰማ ጨርቅ ማወዛወዝ ጀመረ። ሴቶቹ ሻርፓቸውን፣ ልጆቹ ሸሚዛቸውን፣ ወንዶቹ ሽርጣቸውን እስከሚፈቀደው ድረስ። ከቦኬ ገበያ የሚመለስ ሰው እኛን አይቶ «ቢስሚላህ» እያለ መንገድ ቀየረ፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ ያበደ፣ ያውም ዲዳ ሆኖ ያበደ መስሎታል። ማስነጠስ የመጣበት ሰው አፈር ላይ ተደፍቶ አነጠሰ። ፋጡማ ልጇ ጣቷን ረግጦባት አልጮኸችም፤ ይሄን ያላየ አያምነኝም።

እኔ ግን ድምፄ ሄደ። መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ድምፅ የሌለው ቀልደኛ ምን ይረባል? አፌን ስከፍት ሰው የማዛጋ ይመስለዋል። የነገርኩትን ሁሉ በእጄ ነገርኩ፤ ማንም አልሳቀም።

አንድ ቀን ሽመላዎቹ መጡ። ጨርቃችንን ዝቅ አደረግን። ሁለቱም አንዴ ዞሩ፣ ሁለተኛም ዞሩ፣ እኛ ትንፋሻችንን እንደያዝን ረጃጅም እግራቸውን ዘርግተው ደንገሉ ዳር አረፉ። ሮጬ አካኮን አዘልኳቸው። «ወዴት ነው?» ይሉኛል፣ እኔ ድምፅ የለኝም። ማሳው ጫፍ ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሂክማ አጠገባችን ተንበርክካ ነበር፤ ፋጡማ ሻርፗን እንደያዘች ቆማለች። ጀምበሯ ስትጠልቅ አንዷ ጠራች። ሌላው መለሰ።

አካኮ እጄን ፈልገው ያዙኝ። የሚያለቅሱ ወይም «አልሐምዱሊላህ» የሚሉ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ ወፎቹ ጨርሰው ዝም ካሉም በኋላ ማዳመጡን አላቆሙም።

«ሁለት ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «የቀሩትስ?»

ሂክማን አየኋት፤ እሷ ውሃውን ታያለች። ፋጡማ ሻርፗን ራሷ ላይ መለሰች። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

አካኮ ሙሜ ዛሬም አሉ። ሾርባቸውን ይጠጣሉ፣ በየማታው ደጃፍ ላይ ይወጣሉ፣ ይነጫነጫሉም፤ ያኔ ረግረጉ ሲጮህ ሰው ከሰው መነጋገር አይችልም ነበር፣ ይሄ ምኑ ጩኸት ነው ይላሉ። ድምፄ ግማሹ ተመልሷል። ሕፃናቱ ተረት ንገረን ሲሉኝ ፍሙን አጠገቤ ስቤ የጉማሬውን ክርክር እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ እኔም አጋንናለሁ። ቀኑን ሙሉ ስቀልድ እውላለሁ። ማታ ግን አካኮን ሳልፍ ያችን «የቀሩትስ?» ደግመው ይጠይቁኛል፤ እንደ ድሮው የሚያናድድ ተረት ብትሆን ኖሮ «ገና ነው» ብዬ ባለፍኳት። ለግሪሳ፣ ለባጃጅ፣ ለመንግሥት፣ ለራሴ በራ ሁሉ ቀልድ አለኝ። ለሳቸው ጥያቄ ግን ድምፄ ከተመለሰም በኋላ የምለው ነገር አጥቼ፣ ጎናቸው ተቀምጬ አብሬያቸው አዳምጣለሁ።