የተጋተችው ጥጃ

ላማችን የሞተችው ወልዳ እንግዴ ልጁ አልወርድ ብሏት ነው። የክረምቱ ውሃ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ጓያ የተዘራበት ሰሞን ነበር። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። እናቷ ተጋድማ እሷ የቀዘቀዘውን ጡት በአፍንጫዋ ትጎነትላለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥጃ ናት ብለን እናልፈው ነበር። ላሟ ግን የባሌ ናት። ባሌን በክረምቱ መግቢያ ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ወደ ሰሜን ሄደ ከመባል በቀር ወሬው የለም። እስከ ዛሬም የለም። የሄደ ዕለት የላሟን ጀርባ መታ መታ አድርጎ፣ “የምትወልደውን ደኅና አድርጋችሁ አሳድጉልኝ፤ ስመጣ የሷን ወተት ነው የምጠጣ” አለ። “ላም አለኝ በሰማይ” ብዬ ቀለድሁበት። ሳቀ።

አማቴ ግን ቃሉን ያዙት። ጥጃዋን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ፣ “እሷ ካደገች ልጄም ይመጣል” አሉ። ያሉት አንድ ጊዜ ነው፤ ለእኔ ግን በቃኝ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት “እንዴት አደረች?” ሲሉኝ የሚጠይቁኝ ስለ ጥጃ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። “ደኅና ናት” እላቸዋለሁ። ደኅና ሳትሆንም ደኅና ናት።

ወተት አልቸገረንም። የገና ጾም ስለነበረ ጎረቤቱ ሁሉ ለቅቤ ከሚያጠራቅመው ይቀንስልን ነበር። የቸገረን ጡት ነው። ወረታ ከተማ ሱቅ የነበራቸው አንዲት ሙስሊም ባልቴት ጉዳችንን ሰምተው የልጅ ልጃቸውን ጡጦ ላስቲክ አውልቀው ሰጡኝ። በአረቄ ጠርሙስ አፍ ላይ በሲባጎ አሰርሁት። ጥጃዋ ጣቴን ስሰጣት ትጠባለች፤ ላስቲኩን ስሰጣት ግን ታኝከውና ፊቷን ታዞራለች። ጠርሙሱ ሳይጋመስ ወተቱ ይቀዘቅዛል፣ እኔም እበሽቃለሁ።

“ምን ትለማመጫታለሽ? ጋቻት እንጂ!” አለ መንደሩ።

መጋት እኛ ዘንድ የማያውቀው የለም። ሕፃኑ በጉልበት መሐል ተይዞ፣ አንገቱ ቀና ተደርጎ በመዳፍ ይጋታል። የታመመ በሬም ይጋታል። እኔም ተግቼ ነው ያደግሁ፣ ባሌም እንዲሁ። ያልተጋተ ልጅ አንጀቱ አይጠናም ይሉ ነበር። እኛም ጋትናት። አማቴ አንገቷን ይዘው አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ያቀናሉ፤ እኔ ጠርሙሱን ያለ ላስቲክ በአፏ ጥግ ከትቼ አፈስሳለሁ። አፍታም ሳይቆይ ያልቃል። ትስላለች፤ በአፍንጫዋ ወተት ይወጣል። እኛም “ጠገበች” እንላለን።

ወዲያው ተቅማጥ ያዛት። ነጭ ነው፣ ሽታው አይጣል። መንደራችን ሰው ሲታመም “እግዜር ይማረው” ብሎ ያልፋል፤ ጥጃ ሲታመም ግን ሐኪም ያልሆነ የለም። አንዷ አብሽ አጠጧት አለች። አንዷ ወተት ከልክሏት አለች። አንድ ሽማግሌ ማጭድ አግላችሁ ጎኗን ተኩሷት ሲሉ አማቴ ተቆጡ። “ልጄን እሳት አይነካውም!” አሏቸው። ጥጃዋ ሴት መሆኗን ማን ያጣዋል? ሽማግሌው አላስተዋሉም፤ እኔ ግን ሰማሁ።

ያን ጊዜ የመንደራችን አምራቾች ማኅበር ሩዝ የሚባል አዲስ ነገር ይዘራ ነበር። እንዴት እንደሚበላ ገና አልለመድነውም። አንዱ ውሃው ሆድ ያስራል አለንና ቀቅለን ጋትናት። አብሹንም ጋትናት። ጠበልም ጋትናት። ተቅማጡ ሲቀንስ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ጆሮዎቿ ወረዱ፣ ጎኗም እንደ ወናፍ ይነሣ ይወድቅ ጀመር። ምን እንደምናጎድል ግራ ገባን። ያልሞከርነው አልነበረማ።

በመጨረሻ የማኅበሩን በሬዎች ሊከትብ የመጣ የከብት ሐኪም ለምኜ አመጣሁ። ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ ቆየና፣ “እስቲ እንዴት እንደምታጠጧት አሳዩኝ” አለ። አማቴ እንደለመዱት አንገቷን ይዘው አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቀኑ።

“ይልቀቋት፣ እናቴ” አለ ቶሎ ብሎ። “ጥጃ ከእናቷ ሥር ገብታ አንገቷን ዘርግታ ነው የምትጠባ። እንዲህ ቀና ስትል ወተቱ ሳንባዋ ይገባል። ገብቷልም።”

“መድኃኒት የለህም?” አልሁት።

“ነበረ፣ አልቋል። መቼ እንደሚመጣም አላውቅ።”

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አልሁ በሆዴ። ግን እሱን ምን ልለው? የእሱም እጅ እንደ እኛው ባዶ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላስቲኩን መልሼ አሰርሁና ተቀምጬ ጠርሙሱን ከጉልበቴ ዝቅ አድርጌ ያዝሁላት። መጀመሪያ አኘከችው። ቆይታ አንገቷን ዘረጋች፣ ጠርሙሱን በግንባሯ ጎሸም አደረገችና ጠባች። ጭራዋ ተወዛወዘ። እንባዬ መጣ።

“እሜቴ፣ ይዩ! ጠባች!”

አማቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው አዩዋት። “ይመጣል” አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ጧት ስገባ ደርቃ አገኘኋት። ከበሩ ላይ “እንዴት አደረች?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደኅና ናት ልል አፌን ከፈትሁና ተውሁት፤ እንዲያዩዋት ዘወር አልሁላቸው። አማቴ አይተዋት ወደ ውጭ ተመለሱ።

የሞተ ከብት እኛ ዘንድ ሜዳ ይጎተታል፤ ቀሪው የጅብና የአሞራ ነው። ጎረቤታችን መጫኛ ይዞ ሲመጣ አማቴ ዶማ አንሥተው ከአጥሩ ሥር ይቆፍራሉ።

“ኧረ እሜቴ፣ ጥጃ ይቀበራል እንዴ? ሰው ይስቃል!” አላቸው።

“ይሳቅ” አሉ፣ ቀና ሳይሉ። “ልጄ ቢወድቅ የት እንደሚጥሉት አላውቅም። እዚያም አንዲት እናት አትጠፋም። እኔ ይቺን አፈር ላልብሳት፤ እሷም የኔን ታልብስልኝ።”

ጎረቤታችን መጫኛውን ጠቅልሎ ሄደ። እኔ ዶማውን ከእጃቸው ተቀበልሁና ጉድጓዱን ለሰው እንደሚቆፈር አድርጌ አጠለቅሁት።