ከአልጋዬ ሥር የበቀለው ቄጠማ

ግንቦት ነው፤ ዝናብ ጠብ ካለ ወር አልፎታል፣ የወልድያ አቧራ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቤት ድረስ ይገባል። ከቀን ሥራዬ ገብቼ ልጠርግ ብዬ አልጋዬን ሳብ ሳደርግ፣ ከግድግዳው ጥግ ሦስት ዘለላ ቄጠማ በቅሎ አየሁ። ለምለም ነው። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

ጎረቤቴ አልጋነሽ ገብታ አየችውና ሳቀች። «እሰይ ዘይነባ! ከእንግዲህ ለበዓል ከገበያ አልገዛም፤ ካንቺ አልጋ ሥር አጭዳለሁ።»

«ዝም በይ አንቺ! ቄጠማ ውሃ ከሌለበት አይበቅልም። በዚህ ደረቅ ወቅት እዚህ ከበቀለ፣ ክረምት ሲገባ ምን ሊመጣብን ነው?»

ሳቋ ቆመ። ሦስት ልጆቼን የማስተኛው እዚያ አልጋ ላይ ነው።

ግራና ያላችሁ ዘመዶቼ፣ እንዴት እንዲህ ያለ ቦታ ገባች ትሉ ይሆናል። ባሌ ካለፈ፣ መሬቱ ከተከፋፈለ በኋላ ልጆቼን ይዤ ወደ ወልድያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መርሳ ላይ ትንሿን መኪና አጥወለወላት። ሲሪንቃ ስንደርስ የእርሻ ምርምር ጣቢያውን ማሽላ በመስኮት አይታ «እማ፣ የእኛ ነው?» አለችኝ። «የእኛማ ኋላ ቀረ» አልኳት፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ወልድያ ውሃው በጀሪካን፣ ሰላምታው በችኮላ ነው። እናትሽ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ አሸዋ እነፋለሁ፣ ሲሚንቶ አቦካለሁ። ጥቂት ሲጠራቀምልኝ አያ ይመር የሚባሉ ሰው ከከተማው ዳር ቦታ አሳዩኝ። የገበሬ ልጅ አይደለሁ? ቦታውን እንደ ማሳ መረጥኩት፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጠጠር የሌለው። እዚያ ጎረቤት የሆኑኝ አራት አባወራዎችም ከገጠር የመጡ ናቸው፤ እንደ እኔው አፈሩን በእጃቸው አሽተው ደስ ብሏቸው ገዙ። አባቴ እኮ ቤቱን ድንጋያማው ጉብታ ላይ ሠርቶ ለስላሳውን ለዘር ነበር የሚተወው! ከተማ ስገባ ረሳሁትና ቤቴን ለስላሳው ላይ ሠራሁ።

ቄጠማውን ባየሁ ማግስት አያ ይመር ዘንድ ሄድኩ።

«የሸጡልኝ የጎርፍ መንገድ ነው።»

«ድሮ ነበር። አሁን ጎርፉ መንገዱን ቀይሯል።»

«ማን ነገረዎት? ጎርፉ ራሱ?»

ትቻቸው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቄጠማውን ከነሥሩ ነቅዬ በፌስታል ይዤ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ኢንጂነሯ የለችም» አለኝ።

«መቼ ትመጣለች?»

«አንዷን ሰው ከተማው ሙሉ ይፈልጋታል። ቤትሽ ሲፈርስ ነይ፤ ያኔ አስቸኳይ ይባላል።»

«ያኔማ እኔ ከየት ልምጣ?»

«ፌስታሉስ ምንድን ነው?»

«ማስረጃ።»

ሳቀብኝ። ሦስት ጠዋት በራፉ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ጫማዋ በአቧራ የነጣ ወጣት ልጅ ስትገባ ፌስታሌን ከፈትኩላት። ኢንጂነሯ እሷ ኖራለች። «የት ነው የበቀለው?» አለችኝ። «ከአልጋዬ ሥር» ስላት ቦርሳዋን ሳታወርድ ተመለሰች፤ አብረን ሄድን።

ወለሉን አንድ ክንድ አስቆፈረች፤ ውሃ አነባ። «እናቴ፣ ከላይ በየት በኩል እንደሚመጣ ያሳዩኛል?» አለችኝ። እኔን! አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩትን! ዳገቱን አብረን ወጣን። እሷ በመሣሪያዋ ታያለች፣ እኔ በሾላው ዛፍና ጎርፍ ባለሰለሰው ጠጠር አያለሁ፤ እኔ ስጠቁም እሷ ችካል ስትተክል ዋልን። የችካሉ መስመር መጥቶ መጥቶ በአምስታችንም ቤት መሃል አለፈ።

«ለስንት ሰፈር ልድረስ?» አለች ተቀምጣ። «ባለሙያው ጥቂት ነን። እኛ ፕላን ሳናወጣ ቤቱ ይቀድመናል። እንደ እርስዎ ቀድሞ የሚነግረን ቢኖር…»

ያን ቀን እራቴን ሳልበላ በኩራት ጠገብኩ።

እሷው ተሟግታ ከትምህርት ቤቱ በላይ ምትክ ቦታ አስፈቀደችልን። ጎረቤቶቼ አይተው አጉረመረሙ፤ «ዶማ የማይገባው ድንጋይ!» እያሉ። «ለዚህ እኮ ነው የሚሻለን» አልኳቸው፤ የአባቴን ጉብታ አወራሁላቸው። ከዚያ ደቦ ጠራሁ። እኛ አገር ደቦ ለመሥራት ነው፤ ለማፍረስ የጠራሁት የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። አልጋነሽ ከነባሏ፣ የመስጊዱ ጀማዓ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ግንበኞች መጡ። ቆርቆሮውን ነቀልን፣ ባሕር ዛፉን በትከሻ አወጣን። ኢንጂነሯ መሠረቱን በሲባጎ ለካችልን፣ ውሃ መውረጃ ቦይም አስቆፈረችን። ድንጋዩን የገነባሁት በራሴ እጅ ነው፤ ሲሚንቶ ማቡካትማ ለሰው ስሠራ ተምሬዋለሁ።

አያ ይመር ሲያልፉ ቆም አሉ። «እዚህ ድንጋይ ላይ ደግሞ ምን ሊበቅልልሽ ነው?»

«ምንም። ለዚህ ነው የመጣሁ።»

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ፤ በሬ ላይ ቆሜ አየሁት። ጎርፉ ችካሉን ተከትሎ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ አልጋዬ በነበረበት ላይ አለፈ። ልጆቼን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ከዚያ ግራና ያለችው እህቴ ከድጃ ዘንድ ደወልኩ።

«እዚያም ዘነበ?» አልኳት።

«ዘንቧል፤ ማሽላው ቀና ቀና ብሏል። ምነው ድምፅሽ?»

እዚህ ለዘር የሚሆን አንድ ስንዝር መሬት የለኝም።

«አንቺ ዘይነባ፣ ምን ሆናችኋል?»

«ምንም አልሆንን። ቤቴ ድንጋይ ላይ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው። ልጆቼም እኔም ደህና ነን፤ አልሃምዱሊላህ።»