ጫማው የማን ነው?

ልጅ ሳለሁ፣ ቀበና ወንዝ ዳር በነበረው ቤታችን፣ ክረምት ገብቶ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ አያቴ የከሰል ምድጃውን በረንዳው ላይ አቀጣጥለው፣ እሸት በቆሎ እየጠበሱ፣ ለእኔና ለወንድሜ ተረት ያወሩልናል። አያቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ስለነበሩ ተረታቸው ሁሉ ክስ ክስ ይሸት ነበር። የሌላው ልጅ አያት ተረቱን ጨርሶ ያስተኛል፤ የእኔ አያት ግን መሐል ላይ ያቆሙና ይጠይቁናል።

አንድ ምሽት የጃርትንና የዝንጀሮን ነገር አመጡ። ሁለቱም እንጦጦ ላይ፣ ጎን ለጎን ባሉ ባሕር ዛፎች ሥር፣ ለክፉ ቀን ድንች ቀብረዋል። ዝናቡ ምልክቱን አጠበውና ዝንጀሮ የራሱ መስሎት የጃርትን ድንች ቆፍሮ ይበላ ጀመር። አያቴ በቆሎውን ገለበጡ።

«ድንቹ የማን ነው?»

«የጃርት!» አልን።

«ዝንጀሮስ ሌባ ነው?»

እኔ «ነው» አልኩ፤ ወንድሜ «አይደለም» አለ። አያቴ ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸውን አስረዱን። የመጀመሪያው ስለ ዕቃው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰውየው ልብ። የሰው መሆኑን ሳያውቅ የወሰደ ይመልሳል እንጂ ሌባ አይባልም አሉን። ነገሩ አልዋጥልኝ ብሎ «ግማሹን ከበላ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የጃርት እሾህ ቢያገኝስ?» ስል ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉና «እሱን ገና እናየዋለን» ብለው በቆሎዬን ሰጡኝ። እኔን ግን ያ እሾህ እንቅልፍ ነሳኝ።

በዚያው ሰሞን፣ በዓል በዋለ በማግስቱ፣ ምሽት ላይ መብራት ጠፍቶ በረንዳው ላይ ምድጃውን ከበን ሳለ፣ እትዬ ብርቄ ጥቁር ሽፍን ጫማ በፌስታል ይዛ እያለቀሰች መጣች። እትዬ ብርቄ በየሰዉ ቤት ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤታችን ነበረች። ከኋላዋ ባለሱቋ ወይዘሮ አልማዝ ተከትላት ገባች። ጠዋት ከሱቋ ፊት ለፊት ባለው ቦኖ፣ ጀሪካን ይዘው በተሰለፉት ሴቶች ፊት፣ «አዲሱን ጫማዬን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሰረቀችኝ ብርቄ ናት» ብላ ተናግራለች። ሰው ቤት ገብታ የምትሠራ ሴት አንዴ ሌባ ከተባለች ማን በሩን ይከፍትላታል?

«ጫማው የማን ነው?» አሉ አያቴ።

«የሷ ነው» አለች እትዬ ብርቄ። «ሁለታችንም አንድ ዓይነት የገዛነው ወሰን ሰፈር ካለው አንድ ሱቅ ነው። በዚያ ዝናብ፣ ጭቃና ግፊያ የኔ መስሎኝ አጠለቅሁት፤ ቤቴ ስደርስ ሰፋኝና አወቅሁ።»

እሾሁ! አልኩ በልቤ፣ ወንድሜን በክርኔ እየጎሸምኩ።

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልመለስሽም?»

«የሰው ዕቃ በጭቃው ይመለሳል እንዴ ጋሼ? አጥቤ፣ እስኪደርቅ ብዬ ደጃፌ ላይ አሰጣሁት።»

«እኔም ያየሁት እዚያው ነው» አለች ወይዘሮ አልማዝ።

አያቴ ፍሙን ቆሰቆሱት። «እኔ በዳኝነት ዘመኔ ብዙ ሌባ አይቻለሁ። የወሰደውን አጥቦ መንገደኛ በሚያይበት የሚያሰጣ ግን አላየሁም።»

እኔ አላስችል ብሎኝ «የእትዬ ብርቄ ጫማስ የት ሄደ?» አልኩ።

ሁሉም በኩራዙ ብርሃን ወደ ወይዘሮ አልማዝ እግር አየ። ለጭቃው ብላ ያጠለቀችው አሮጌ ጥቁር ሽፍን ጫማ ተረከዟን ማስገባት አቅቶት ወደ ኋላ ታጥፏል። አያቴ ቀስ ብለው «ስታጠልቂው የሰው መሆኑን እያወቅሽ ነው ወይስ ሳታውቂ?» ብለው ጠየቋት።

«ታዲያ በዚያ ዝናብ በባዶ እግሬ ልምጣ ጋሼ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ብርቄ ነበረች፤ እንባዋ ገና አልደረቀም።

«አንቺንም ሌባ አልልሽም፤ ቸግሮሽ ነው» አሉ አያቴ። «ለራስሽ ምክንያት አላጣሽም፤ ለሷ ግን አልፈለግሽላትም። በሉ ጫማውን እዚሁ ተለዋወጡ። ስሟን ግን ከወሰድሽበት ቦታ ሄደሽ መልሺላት።»

ስም እንዴት እንደሚመለስ ለማየት በማግስቱ በጠዋት ጀሪካን ይዤ ወደ ቦኖው ሮጥኩ። ወይዘሮ አልማዝ ፊቷ ቀልቶ፣ «ብርቄ አልሰረቀችኝም፤ ተሳስታ ነው። የሰው ጫማ እያወቅሁ ያጠለቅሁት እኔ ነኝ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን ሰልፉን ዓይኗን እያንከራተተች ታየው ጀመር። ሌባ ስትል የሰሟት ብዙዎቹ ያን ቀን አልመጡም ነበር።

አሁን የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ደረጃውን ስወጣ በየበሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሳይ አያቴ ትዝ ይሉኛል። የዝንጀሮው ተረት እንዴት እንዳለቀ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ምናልባት ያለቀው እዚያው በረንዳችን ላይ ይሆናል። የዕቃውንና የልቡን ጥያቄ ለልጆቼም አውርቻለሁ፤ እነሱም ከእኔ የባሱ ጠያቂዎች ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ከልቤ ያልወጣችው ወይዘሮ አልማዝ ናት፤ ጓሮዋ ቧንቧ እያላት ያን ክረምት በየጠዋቱ ባዶ ጀሪካን ይዛ ከቦኖው ሰልፍ ትቆም የነበረችው፣ የብርቄን ስም ስትመልስ ያልሰሙት እስኪመጡ ድረስ።