የሁለት መሥሪያ ቤት ጉድጓድ

አዳነች ከድንጋይ አንጣፊነት ተነስታ የክፍለ ከተማው የመንገድ ጥገና ፎርማን እስክትሆን ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ከፒያሳ እስከ አፍንጮ በር የትኛው ቦይ ክረምት ሲገባ እንደሚደፈን ካርታ ሳታይ ትናገራለች።

ዋና መንገዶች ከየክፍለ ከተማው ተወስደው ለአንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ይሰጡ ሲባል፣ በስብሰባው ላይ እጇን አውጥታ ደገፈች።

«እኛ እስከ ድንበራችን እንጠግናለን፤ ከድልድዩ ማዶ ያለው ክፍለ ከተማ በጀት የለኝም ይላል። ውሃው ግን ድንበር አያውቅም» አለች። ተጨበጨበላት።

ሰኔ ላይ ደብዳቤው መጣ። ዋናው መንገድ ለአዲሱ መሥሪያ ቤት፣ የውስጥ ለውስጡ ለክፍለ ከተማው ሆነ። ገልባጭ መኪናውና ግማሾቹ ሠራተኞቿ ሄዱ፤ እሷ ቀረች።

በዚያው ሰሞን አፍንጮ በር፣ የሰፈሯ መንገድ ከዋናው ጋር በሚገናኝበት መታጠፊያ ላይ፣ የጭነት መኪና የቦዩን የሲሚንቶ ክዳን ሰበረው። ፊት ለፊቱ ሱቅ ያላቸው አባባ ዑዘይር ቤቷ ድረስ መጡ።

«አዱ፣ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል እኮ!»

«ነገ አስከድነዋለሁ፣ አባባ።»

ኃላፊዋ ግን ከለከላት። «በዋናው መንገድ በኩል ነው። ነክተን ብንጠየቅስ?»

አዲሱ መሥሪያ ቤት ሄደች። አንድ መሐንዲስ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «ርክክቡ ገና አልተፈረመም፣ እትዬ። ሳይፈረም እጃችንን ማስገባት አንችልም።»

ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። ሰው እንዲያየው ብላ ጉድጓዱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰካችበት።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ጎርፉ ቅርንጫፉን ነቅሎ ወሰደው፤ አስፋልቱና ጉድጓዱ አንድ ሆኑ። አባባ ዑዘይር ሱቃቸውን ዘግተው ወደ መስጊድ ሊሻገሩ ሲሉ እዚያ ውስጥ ገቡ። የተገኙት በማግስቱ፣ ከታች ወንዙ ዳር ነው።

አዳነች ለቅሶ ቤት ስትገባ ልጃቸው ኢልሀም ከተቀመጠችበት ቀና አለች። አልጮኸችም።

«ሌላ ክዳን አንስቶ ለመግጠም ስንት ሰው ይበቃል?»

«አራት።»

«አራት ሰው አልነበረሽም?»

«ነበረኝ» አለች አዳነች።

ርክክቡ በሳምንቱ ተፈረመ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ቦዩን አስፍቶ የብረት ክዳን ገጠመበት፤ መንገዱን እስከ አምስት ኪሎ አዲስ አስፋልት አለበሰው። ጥሩ ሥራ ነው፤ አዳነችም ትመሰክራለች። መስከረም ላይ እሷም ወደዚያው ተዛወረች።

ሱቁን አሁን የያዘችው ኢልሀም ናት። አዳነች ጠዋት ጠዋት ስታልፍ ሰላም ትላታለች። ኢልሀም ዕቃ ትደረድራለች።