ያላላሁት ቋጠሮ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መሻሬን፣ ከአማቴ ጋር መኮራረፌን፣ ሐሜቴን፣ ሁሉንም። ይቺን ግን አስራ አምስት ዓመት ሙሉ እየዘለልኳት ነው የኖርኩት። ባሌም አያውቃትም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ። ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ሰምታችሁ ስትጨርሱ «አይ፣ ልጅነት ነው» እንዳትሉኝ። ልጅ አልነበርኩም። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የማደርገውንም አሳምሬ አውቅ ነበር።

አሶሳ ውስጥ የአንድ ትንሽ ክለብ ሯጭ ነበርኩ። እናትና አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ከክለቡ ሴቶች ደህና የምንሮጠው ሁለት ነበርን፣ እኔና ሐዋ። ሐዋ የሆሞሻ ልጅ ናት፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ስለሆነ እኔን «አንተ» ትለኝ ነበር። እኛ እንስቅባታለን፣ እሷም አብራን ትስቃለች። ሩጫ ላይ ግን የሚስቅባት አልነበረም። በደረቅ መሬት አንዳንዴ እጠጋት ነበር። ጭቃ ሲሆን የማየው ጀርባዋን ብቻ ነው። እኔ እያንዳንዷን እግሬን ከማጡ እየነቀልኩ፣ ጭኔ እየተቃጠለ፣ አፌ ጭቃ ሞልቶ ስንገዳገድ፣ እሷ እርምጃዋን አሳጥራ ላይ ላዩን ትሄድበታለች። እንዴት እንደሚያናድድ! አንድ ሳህን እንበላለን፣ አንድ ክፍል እንተኛለን፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን እጠላት ነበር። ይኸው አልኩት።

የእኛ አገር ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ክለቡ ያደለን ስፓይክ ጫማ ደግሞ ለሁላችንም ይሰፋን ነበር። ስለዚህ አሰልጣኝ ገመቹ፣ ከወለጋ መጥተው እዚህ ያረጁ ሰው፣ አንድ ዘዴ አስተማሩን። ያረጀ የሞተር ጎማ ከመነዳሪ በቀጭኑ ይቀደዳል፤ በጫማው ስር ያልፍና ከላይ ተጠላልፎ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቋጠራል። ሰው ራሱ ጎንበስ ብሎ ካሰረው ቀና ሲል ይላላል። ስለዚህ አንዷ በሙሉ ክብደቷ ትቆማለች፣ ሌላዋ ተንበርክካ ታስርላታለች። እኔ የሐዋን፣ ሐዋ የእኔን። በሁለት ዓመት ውስጥ የማናችንም ጫማ አንድ ቀን እንኳ ወልቆ አያውቅም።

ክለቡ ለአገር አቀፉ አገር አቋራጭ የሚልከው አንዲት ሴት ብቻ ነበር። እዚያ ሄዳ የታየች ልጅ ትልልቆቹ ክለቦች ይወስዷታል፤ ሌላ መውጫ አልነበረንም። ማጣሪያው የሆነው ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ አልለቅ ባለበት ሳምንት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ በተቆረጠበት ረባዳ ሜዳ ላይ ነው። ውሃ ተኝቶበታል። የአገር አቀፉ ቦታ የሷ እንደሆነ ሳንነሳ አውቄዋለሁ።

መነሻው ላይ ተንበረከክሁላት። የግራዋን ደህና አድርጌ አሰርኩ። የቀኟን ግን ሳብ ያደረግሁ መስዬ ቋጠርኩት። እጄ ተሳስቶ እንዳይመስላችሁ። ከመነዳሪው ሲጠብቅ ምን ያህል እንደሚሳብ ጣቶቼ ያውቃሉ፤ አውቀው ነው የተዉት። ኤጭ! ጣቶቼ ምን አደረጉ? እኔ ነኝ። እኔ አላላሁት።

ሐዋ እግሯን መሬት ላይ መታ መታ አደረገችና ቁልቁል አየችኝ። ቀድሜ «ጠበቀ አይደል?» አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ በተራዋ ተንበርክካ የኔን አሰረች፣ አጥብቃ፣ እስኪያመኝ ድረስ። እኔ ቆሜ አናቷን እያየሁ ነበር። ያኔ እንኳ «ቆይ፣ ያንቺን ልድገመው» ማለት እችል ነበር። ምን ያዘኝ? ምንም። ስላልፈለግሁ ነው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀድማኝ ስትሄድ ቀኝ እግሯ ሰመጠ፣ ሲወጣም ባዶውን ወጣ። እጇን እስከ ክንዷ ጭቃው ውስጥ ከታ ጫማውን ፈለገች። እኔ ልደርስባት ስል ተወችውና በአንድ ጫማ ሮጠች። ደግሞ ትሰሙኛላችሁ? በአንድ ጫማም አልደረስኩባትም! ጫማዬ ጠብቆ፣ እንደ ውሻ እያለከለክሁ፣ አልደረስኩባትም። የያዛት የሽመል ጉቶ ነው፤ ጭቃው ስር ተደብቆ ውስጥ እግሯን በሳው። ወደቀች። ሳልፍ ስሜን ጠራች። አለፍኩ፣ አንደኛም ወጣሁ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ግን ቀላሉን ነው።

እግሯ ታጥቦ ከታሰረ በኋላ አሰልጣኝ ገመቹ ሁላችንንም ማንጎው ስር ሰበሰቡን። ቁስሉ ይድናል፣ ውድድሩ ገና ሦስት ወር አለው አሉ። ጫማው የወለቀው በአደጋ ከሆነ የምትሄደው ሐዋ ናት፤ በራሷ ዝርክርክነት ከሆነ ግን አልልካትም አሉ። ፍርድ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ከዚያ ማን እንዳሰረላት ጠየቁ።

«እኔ ነኝ አሰልጣኝ» አልኩ። «ግን አጥብቀሽ አትሰሪው፣ ያመኛል አለችኝ። ተይ ብላትም እምቢ አለች።»

ሐዋ ቀና አለች። «እኔ... አይደለም... እሱ...» አለች። ቃል አጣች። ስትደነግጥ አማርኛዋ እንደሚጠፋባት ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ከሁሉም ይበልጥ እኔ። በበርታ ቋንቋ ሁለት ሦስት ነገር ተናገረች፤ እዚያ ከነበርነው የሰማት የለም። እኔ ደግሞ ቦታ አልሰጠኋትም። «አሰልጣኝ፣ አይቆጧት፣ አሟት ነው እኮ» አልኩ። አዛኟ እኔ! በእግሬ አንድ ቀን ቀድሜያት የማላውቃትን ልጅ በአፌ ቀደምኳት።

አሰልጣኝ ገመቹ በቃ፣ ገባኝ አሉ። ምን ገባቸው? እሳቸውስ ቢሆኑ በኦሮምኛ ያደጉ፣ አማርኛ ዘግይተው የያዙ ሰው አይደሉም ወይ? ትንሽ ቢታገሷትስ? የበርታ ልጅ ጠርተው ቢያስተረጉሟትስ? ይህን እያሰብኩ ስንት ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ። ደግሞ እፍር ብዬ እመለሳለሁ። እኔ ዋሽቼ፣ ያመኑኝን ሽማግሌ መውቀስ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ቁስሉ በሦስት ሳምንት ዳነ። በሦስት ሳምንት! ጉቶው አይደለም ያስቀራት። ሐዋ ግን ልብሷን ሰብስባ ሆሞሻ ገብታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሮጣ አታውቅም። እኔ ሄድኩ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየኝ ቦታ ጨረስኩ፣ ተመለስኩ። ዛሬ አሶሳ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። በዓል በመጣ ቁጥር ክልላችንን የወከለች እያሉ ያስተዋውቁኛል፣ ተማሪው ያጨበጭባል። ውስጤ በንዴት ይግላል፣ ግን እጄን አንስቼ ሰላምታ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ሌባ!

ባለፈው ክረምት መናኸሪያው አጠገብ ዝናብ ይዞኝ ቆርቆሮ ስር ስጠለል ሐዋ እዚያው ቆማ አገኘኋት። ሆሞሻ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆናለች፤ ለስልጠና መጥታ ስትመለስ ነው። ሰላም አለችኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። እኔ ነኝ የተንተባተብኩት። «ያኔ ጫማሽን...» ስል አላስጨረሰችኝም።

«ላልቶ ነበር» አለች። «ገና ስቆምበት ታውቆኛል።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ያሰርሽው አንቺ ነበርሽ እኮ። እግሬን ተጠራጠርኩ እንጂ አንቺን አልተጠራጠርኩም።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅር በይኝ ብዬ እጇን ያዝኩ። ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ።

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እውነቱን አውቀዋለሁ። በሰው ፊት ነው የተናገርሽው፤ በሰው ፊት መልሺው» አለችና መኪናዋ መጥቶ ጭቃውን ተሻግራ ሄደች።

በየትኛው ሰው ፊት ልመልሰው? አሰልጣኝ ገመቹ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው፤ ውሸቴን እንዳመኑ ሄዱ። የክለቡ ልጆችም አንዷ ፓዌ፣ አንዷ ባምባሲ፣ ሌሎቹ የት እንደገቡ እንጃ። ያለኝ ሰው እናንተ ናችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም፤ የናንተ አይደለም። ስሙኝ ብቻ፣ ስሟ ከተነሳም እንዲህ በሉ፦ ሐዋ አጥብቀሽ አትሰሪው አላለችም። ጥብቅ አድርጌ እንዳሰርኩላት አምና ነው የሮጠችው። ያላላሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፤ ቦታውም የሷ ነበር።