አርባ አንድ ደቂቃ

ያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት የጭነት መኪና ድርጅት የስምሪት ጸሐፊ ነበርኩ። ሹፌር ሲመለስ ያለፈባቸውን ከተሞችና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ ይነግረኛል፤ እኔ ቅጹ ላይ እጽፋለሁ፤ እሱ ይፈርማል። ሰዓት የምንጽፈው የመነሻና የመድረሻ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን መመሪያ መጣ፤ በየከተማው የታለፈበት ሰዓት ካልተሞላ ናፍጣ አይፈቀድም። ያለፈው ወር ቅጽ ሁሉ ባዶ ነው። ኃላፊዬ ክምሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ፣ ንፋሱ እንዳይበትነው ድንጋይ ጫነበትና ሙላቸው አለኝ። በምን እንደምሞላቸው አልነገረኝም።

ከአገር የወጣ መሐንዲስ የተወልኝ ካልኩሌተር ነበረችኝ፤ የትእዛዝ ተራ ሲያስገቡላት ይዛ የምትደጋግም ዓይነት። አሠራሯን ከመጽሐፏ ብቻዬን ነው የተማርኩት። ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን ጊዜ በኪሎ ሜትሩ ልክ እንድታከፋፍል አዘዝኳት። ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ቡልቡላ፤ ንባቡን ሳስገባ ደቂቃው ይወጣል። አንድ አንጋፋ ሹፌር አጎንብሰው ሲያዩ ቆዩና፣ «ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይቺ ዕቃህ ጎማም ትቀይራለች?» ብለው ሳቁብኝ። ባለፈው ወር ወደ ሻሸመኔ ሲሄዱ ከቡልቡላ ወዲያ ጎማ እንደፈነዳባቸው ነግረውኝ ነበር። ለጎማ የተሰመረ ቦታ ስላልነበረ አልጻፍኩትም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ተቆጣጣሪ የቡልቡላን ኬላ መዝገብ ይዞ መጣ። መዝገቡ የአንጋፋው ሹፌር መኪና በሦስት ሰዓት ከሃምሳ አለፈ ይላል፤ ቅጹ በአራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ። ሹፌሩን አስጠራቸው። አርባ አንዱን ደቂቃ ከኬላው ወዲያ ቆመው ናፍጣ ቀድተው ሸጠዋል፣ ለመሸፈንም ሰዓቱን አዛብተዋል አላቸው። የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር አሻጥር ይባል ነበር፤ የተባለበት ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ አይገባም።

ሹፌሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ባዶ አንጓቸውን አሳዩት። ሰዓት የለኝም፣ ሰዓትም አልተናገርኩም አሉ።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

ኃላፊዬ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እኔ ከተናገርኩ ሐሰተኛ ሰነድ የጻፍኩት እኔ እሆናለሁ። ተነሣሁ።

«ሰዓቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አልነገሩኝም።»

«ዘመድህ ናቸው?» አለኝ ተቆጣጣሪው።

አይደሉም ብዬ፣ በቅጹ መሠረት ከከተማ ከተማ በስንት ፍጥነት እንደተነዳ በራሱ እርሳስ እንዲያሰላ ለመንኩት። ሞጆ ድረስ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ወጣለት። ከሞጆ መቂ አርባ። ከቡልቡላ ወደ ነገሌ ዳገቱን ሲያሰላም ያው አርባ። እርሳሱ ቆመ።

«ዳገቱንም?»

«ተጭኜ ያን ዳገት በአርባ ከወጣሁ ሹመት ይገባኛል» አሉ ሹፌሩ።

ተቆጣጣሪው ሌሎቹን ቅጾች አስመጣ። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ፤ ሜዳውና ዳገቱ አንድ። አርባ አንዱ ደቂቃ ታዲያ ከየት መጣ ሲለኝ ካልኩሌተሯን አሳየሁት፤ ስለ ጎማው የሰማሁትንና ያስቀረሁትንም ነገርኩት። ማን እንዳዘዘኝ ሲጠይቅ ኃላፊዬ ከመስኮቱ ዞረ፤ እኔ ነኝ አለ፣ ድምፁ በቅጡ ሳይሰማ።

ሹፌሩን ለቀቃቸው። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ካልኩሌተሯን ደግሞ ከቅጾቹ ጋር በፖስታ አሽጎ ወሰዳት። ተመልሳ አልመጣችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሹፌሩ ከሰው የተዋሱትን ሰዓት አስረው ከሻሸመኔ ተመለሱ። ሞጆን ነገሩኝ፤ መቂን ነገሩኝ።

«ቡልቡላስ፣ ጋሼ?»

«ከብት መንገዱን ዘግቶት ሰዓቱን ሳላይ አለፍኩ።»

ቦታውን ባዶ ትቼ ለፊርማ አቀረብኩላቸው። ከመፈረማቸው በፊት መስመር በመስመር አነበቡት።